ፊደላችን በፋይል ውስጥ፦ የአማርኛ ጽሑፍ እንዳይጠፋ ምን ማወቅ ይገባናል?

በናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያንና ወዳጆቻቸው የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



በዚህ ከተማ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በኮምፒውተር የምናስቀምጠው የአማርኛ ጽሑፍ ቀላል አይደለም። የዕድር አባላት ዝርዝር አለ፤ የዕቁብ መዝገብ አለ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፣ የልጆች የፊደል መልመጃ፣ አባት በሕይወት ሳሉ ያስጻፉት የትውልድ ሐረግ አለ። ከእነዚህ አንዱን ከዓመታት በኋላ ስንከፍተው ማንም ሊያነበው የማይችል ምልክት ሆኖ ይጠብቀናል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ ይሰርዘዋል፤ ወይም ለማስተካከል ሲነካካ ቆይቶ ደግሞ ሴቭ ያደርገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ደህና ነበር፤ ስህተቱ አከፋፈቱ ላይ ነበር። ጽሑፉን ለዘለዓለም ያጠፋው ያ የመጨረሻው ሴቭ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ በምን መልክ እንደሚቀመጥ፣ ሲዛባ የመዛባቱን ዓይነት በዓይን አይቶ እንዴት መለየት እንደሚቻል፣ ከዚያም ምን ማድረግ እንደሚገባ። መደመርና ማባዛት የሚችል ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ቁጥሩና ሠንጠረዡ

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያስቀምጠው ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮችን ነው። እያንዳንዱ ቁጥር የሚቀመጥበት ቦታ ባይት ይባላል። 65 ቁጥር የላቲኑን ትልቁን «ኤ» የሚወክለው ሰዎች ተስማምተው ሠንጠረዥ ስላወጡለት ነው። ቁጥርን ከፊደል ጋር የሚያገናኘውን ይህን ስምምነት ባለሙያዎች ኢንኮዲንግ ይሉታል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በኖትፓድና በመሳሰሉት ኤዲተሮች የሚጻፍ ተራ የጽሑፍ ፋይል በየትኛው ሠንጠረዥ እንደተጻፈ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ አይመዘግብም። ያሉት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው። ከአገር ቤት በፌስታል ተቋጥሮ የመጣ፣ ስም ያልተጻፈበት ቅመም አስቡ፤ በርበሬ ይሁን ሚጥሚጣ የሚታወቀው አሽትቶ ነው። ኤዲተሩም ፋይል ሲከፍት እንዲሁ ይገምታል። ግምቱ ከሰመረ አማርኛ እናያለን፤ ካልሰመረ ትርምስ እናያለን። በሁለቱም ጊዜ በዲስኩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ያው ናቸው።

በሰፊው ከተሠራባቸው ቀደምት ሠንጠረዦች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ውስጥ የወጣው አስኪ ነው። 128 ቦታዎች ብቻ ነበሩት። ለእንግሊዝኛ በቃ። በዙሪያችን ለሚነገረው ለስዋሂሊም ይበቃል፤ ስዋሂሊ ከእንግሊዝኛ ፊደላት የተለየ ምልክት አያሻውም። ሁሉም የኬንያ ቋንቋ ግን እንዲህ አልቀናውም። ኪኩዩ አናታቸው ላይ የተጠማዘዘ ጭረት ያለባቸው ሁለት አናባቢዎች አሉት፤ በደራሲው በንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ስም ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ። ዊንዶውስ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች ባዘጋጀው የ256 ቦታ ሠንጠረዥ ውስጥ ግን አንዳቸውም የሉም። ኪኩዩን በዚያ ሠንጠረዥ ሴቭ ያደረገ ሰው ጭረቶቹ ረግፈው ተራ አናባቢዎች ይቀሩለታል። ጽሑፉ የሚነበብ ስለሚመስል ጉዳቱን ማንም ሳያስተውለው ያልፋል። ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ፣ ጎረቤቶቻችንም እንደሚጋሩት ለማሳየት ነው ያነሣሁት።

ግዕዝ በላቲን ቦታ

የእኛ ፊደል ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሮቹና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 በላይ ነው። በ256 ቦታ አይገባም። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ታዲያ ዘዴ ፈጠሩ። በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የግዕዝን ቅርጽ የሚሥል ፎንት አዘጋጁ። ለዓይን አማርኛ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ላቲን ነው። ፊደሉ በአንድ ፎንት አልበቃ ሲል ለሁለትና ከዚያ በላይ የከፋፈሉት ነበሩ። የፊደሉን አካል ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አስቀምጠው በማገጣጠም የጻፉም ነበሩ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ የሚሉትን ስሞች በዚያ ዘመን ቢሮ ውስጥ የሠራችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። እነዚህ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል፤ ዓለም ለፊደላችን ቦታ ባልሰጠበት ጊዜ መጽሐፍና ጋዜጣ እንዲታተም አድርገዋል። ነገር ግን እያንዳንዱ የየራሱን አሰላለፍ ስለተከተለ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር።

ሌሎች ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሴራ የተባለውን ዘዴ አቀረቡ፤ ግዕዝን በተራ የእንግሊዝኛ ፊደላት በወጥ ሕግ መጻፊያ ነው። የትኛውም ኮምፒውተር ሳያዛባው ከአገር አገር ይልከው ነበር። ጃፓን ውስጥ ታካሃሺ ናኦቶ የተባሉ ባለሙያ ኢማክስ ለሚባለው ኤዲተር የግዕዝ መጻፊያና ማሳያ ሠርተዋል።

ዘላቂው መፍትሔ የመጣው ዩኒኮድ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ለመሰብሰብ ሲነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው በመጀመሪያው እትም ግዕዝ አልነበረም። የገባው በመስከረም 1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ሲሆን፣ ያኔ 345 ምልክቶችን ይዞ ነበር። ከዚያ በኋላ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨማሪ ፊደላት ገብተዋል፤ በመጨረሻው ዙር የተጨመሩት 28ቱ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ናቸው። ዛሬ ሀ የራሱ ቁጥር አለው። ከማንም ላቲን ፊደል ቦታ አልተዋሰም።

ሰላም በቁጥር ስትጻፍ

አንድ ቃል ቀረብ ብለን እንይ። በዩኒኮድ ሀ 4608 ነው። ፊደሎቹ በገበታው ሥርዓት ስምንት ስምንት ሆነው ተሰልፈዋል፤ ሰባቱ ለሰባቱ ቤት፣ ስምንተኛው ለዲቃላ። ለ 4616 ስለሆነ ራብዑ ላ 3 ተጨምሮበት 4619 ይሆናል። መ 4632 ነው፤ ሳድሱ ም 4637። ሰ ደግሞ 4656 ነው። ልጅ ሆነን በቃላችን ያጠናነውን ገበታ ኮምፒውተሩም በዚያው ቅደም ተከተል ይዞታል ማለት ነው።

አሁን 4656 በአንድ ባይት አይገባም፤ ባይት ከ255 አያልፍም። ይህን የሚፈታው ዩቲኤፍ-8 የሚባለው አጻጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ነደፉት። ለእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይበቃዋል፤ ለእኛ ፊደል ሦስት ይወስዳል። ሒሳቡ እንዲህ ነው። 4656ን በ4096 ስናካፍል 1 ደርሶ 560 ይቀራል። 560ን በ64 ስናካፍል 8 ደርሶ 48 ይቀራል። አሁን 1, 8 እና 48 አሉን። በመጀመሪያው ላይ 224፣ በሁለቱ ላይ ደግሞ 128 እንጨምራለን፤ 225, 136, 176። ሰ በዲስክ ላይ ይህ ነው። ላ በዚሁ ስሌት 225, 136, 139 ይሆናል፤ ም 225, 136, 157። «ሰላም» የሚለው ቃል እንግዲህ ዘጠኝ ባይት ነው።

አንድ ነገር አስተዋላችሁ? ሦስቱም በ225 ይጀምራሉ። በዋናው የግዕዝ ሠንጠረዥ ያለ ፊደል ሁሉ በ225 ይጀምራል፤ ሁለተኛው ባይትም ምንጊዜም ከ136 እስከ 141 ባለው ውስጥ ነው። ይህች ትንሽ እውቀት ብዙ ጽሑፍ ታድናለች። በዊንዶውስ የምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ 225 ማለት አናቱ ላይ ጭረት ያለበት ትንሹ የላቲን «ኤ» ነው። ስለዚህ የአማርኛ ፋይል ከፍታችሁ ያ ጭረት ያለበት «ኤ» በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰ ካያችሁ ደስ ይበላችሁ። ጽሑፋችሁ አለ። ኤዲተሩ ግምቱን ስቶ ነው።

አምስቱ የመዛባት ምልክቶች

የመጀመሪያው አሁን ያልኩት ነው፤ ባለጭረቱ «ኤ» እየተደጋገመ ይታያል። ዩቲኤፍ-8 የሆነው ፋይል በምዕራብ አውሮፓ ሠንጠረዥ ተነቧል። ምንም አልጠፋም።

ሁለተኛው ባዶ ሣጥን ነው። በየፊደሉ ቦታ አራት ማዕዘን ከታየ ቁጥሮቹም ንባቡም ትክክል ናቸው፤ የጎደለው ፊደሉን የሚሥለው ፎንት ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ፣ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ስለመጣ ይህ ችግር ቀንሷል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን በነፃ አውርዶ መጫን ይበቃል።

ሦስተኛው ሥርዓት የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ነው። ባለጭረቱ «ኤ» በየሦስቱ አይመላለስም። ይህ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ መሆኑን ይጠቁማል።

አራተኛው በጥቁር ዳይመንድ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ነው። ዩቲኤፍ-8 ያልሆነ ፋይል እንደ ዩቲኤፍ-8 ሲነበብ ይመጣል። ሴቭ እስካልተደረገ ድረስ ጽሑፉ ይተርፋል።

አምስተኛው ተራ የጥያቄ ምልክት በተከታታይ ተደርድሮ ሲገኝ ነው። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። አንድ ሰው የግዕዝ ጽሑፍን የግዕዝ ቦታ በሌለው ሠንጠረዥ ሴቭ አድርጎታል። ኮምፒውተሩ ሀን የሚያስቀምጥበት ቁጥር ስላጣ ለሁሉም ፊደል 63 ቁጥርን፣ የጥያቄ ምልክቱን፣ ጻፈ። ሀም 63፣ ለም 63 ሆነዋል። ከዚህ ፋይል ጽሑፉን መልሶ የሚያወጣ ሰውም ፕሮግራምም የለም፤ ያለው ተስፋ ሌላ ቅጂ መፈለግ ነው።

ይህ ጥፋት በብዛት የደረሰው በኖትፓድ ነው። የድሮው ኖትፓድ ሲያስቀምጥ አስቀድሞ የሚመርጠው «አንሲ» የሚባለውን ነበር። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለአማርኛ አንሲ ሠንጠረዥ አልሠራም። ኖትፓዱ ፊደሎቹ እንደሚጠፉ ያስጠነቅቅ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ የቸኮለ ሰው ደግሞ «ኦኬ»ን ይጫናል። እ.ኤ.አ. ከ2019ኙ የዊንዶውስ 10 እትም ወዲህ ኖትፓድ በራሱ ዩቲኤፍ-8ን ይመርጣል። የቆየ ኮምፒውተር የምትጠቀሙ ግን «ሴቭ አዝ» ስትሉ ከታች ያለውን የ«ኢንኮዲንግ» ሣጥን ሳታዩ አትለፉ።

በእጅ የሚሠራው

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ ማንበብ አይጎዳም፤ ሴቭ ማድረግ ይጎዳል። የማይነበብ ፋይል ከፊታችሁ ሲመጣ እጃችሁን ሰብስቡ። ሴቭ አታድርጉ። ቅጂ አውጡና በቅጂው ላይ ሥሩ።

ቪኤስ ኮድ በሚባለው ኤዲተር ከታች በስተቀኝ በኩል ባለው መስመር ላይ ፋይሉ የተከፈተበት ኢንኮዲንግ ተጽፏል። እሱን ስትጫኑ ሁለት ምርጫ ይመጣል። አንደኛው «ሪኦፕን ዊዝ ኢንኮዲንግ» ነው፤ ያሉትን ቁጥሮች ሳይነካ በሌላ ሠንጠረዥ እንደገና ያነብላችኋል። ሁለተኛው «ሴቭ ዊዝ ኢንኮዲንግ» ነው፤ ቁጥሮቹን ራሳቸውን ይለውጣል። ሁልጊዜ በመጀመሪያው ጀምሩ። ጽሑፉ በአማርኛ ቁልጭ ብሎ እስኪነበብ ድረስ ሁለተኛውን አትንኩ። ኖትፓድ ፕላስ ፕላስም በ«ኢንኮዲንግ» ሜኑው ውስጥ ያንኑ ልዩነት ያደርጋል፤ ከላይ ያሉት ምርጫዎች አነባበቡን ይለውጣሉ፣ «ኮንቨርት» የሚል የተጻፈባቸው ጽሑፉን ወደ ሌላ ሠንጠረዥ ያዛውራሉ።

ይህ ቅደም ተከተል ሲጣስ ምን እንደሚሆን በ«ሰላም» እንየው። የተዛባውን ጽሑፍ እንደተዛባ ሴቭ ካደረጋችሁት ባለጭረቱ «ኤ» ራሱ እንደ እውነተኛ ፊደል ተቆጥሮ ይጻፋል፤ ዘጠኙ ባይት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ሥራውን ወደ ኋላ በመመለስ ይድናል። ነገር ግን በምዕራብ አውሮፓው ሠንጠረዥ ውስጥ አምስት ቁጥሮች ባዶ ናቸው፦ 129, 141, 143, 144 እና 157። የም ሦስተኛ ባይት 157 እንደሆነ አይተናል። አንዳንድ ፕሮግራም ይህን ቁጥር ይጥለዋል፤ ያን ጊዜ ከ«ሰላም» የሚተርፈው «ሰላ» ብቻ ነው። ም በአማርኛ ምን ያህል ጊዜ እንደምትመጣ አስቡት።

የዕድርና የማኅበር ጸሐፊዎች ደግሞ ኤክሴልን ልብ በሉ። ስሞች ሲኤስቪ በሚባል የጽሑፍ ፋይል ሲላኩላችሁ ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ ስትከፍቱት ኤክሴል ብዙ ጊዜ በኮምፒውተሩ የተለመደ ሠንጠረዥ ያነበዋል፤ የአባላቱ ስም ሁሉ ይዛባል። ባዶ ኤክሴል ከፍታችሁ «ዳታ» በሚለው ሥር «ፍሮም ቴክስት» የሚለውን ተጫኑ፤ ፋይሉን ምረጡና ምንጩን 65001፣ ማለትም ዩቲኤፍ-8፣ አድርጉት። ስታስቀምጡ ደግሞ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ፤ ተራው ሲኤስቪ ግዕዙን ወደ ጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል።

የቆዩትን ፋይሎች ስለማዳን

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በድሮዎቹ ፎንቶች የተጻፈው ነው። በዎርድ ፋይል ውስጥ ከሆነ የፎንቱ ስም አብሮ ተጽፏል፤ ስሙ ከታወቀ ወደ ዩኒኮድ የሚለውጥ መሣሪያ ተፈልጎ ይገኛል። ተራ የጽሑፍ ፋይል ከሆነ ግን የፎንት ስም የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። የቀረው ላቲን የሚመስል ቁጥር ብቻ ነው፤ መፍቻው ያለው ጽሑፉን በጻፈው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ያ ሰው ዕድሜው ገፍቷል፤ የጻፈበት ኮምፒውተርም ከአገልግሎት ወጥቷል።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። የቆየ ዲስክና ፍላሽ ያለው ሁሉ ፋይሎቹን ሳይለውጥ ይገልብጥ። ከጻፈው ሰው ጋር ይቀመጥና በየትኛው ሶፍትዌር፣ በየትኛው ፎንት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተጻፈ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከፋይሉ አጠገብ ይጻፍ። ከዚያ በቅጂው ላይ ወደ ዩኒኮድ ይለውጥ። ማሽኑ ሲለውጥ ይሳሳታል፤ በተለይ ዲቃሎቹን፣ የግዕዝ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን ይስታል። አማርኛ በደንብ የሚያነብ ሰው ከታተመው ቅጂ ጋር መስመር በመስመር ያመሳክረው። በመጨረሻ በዩቲኤፍ-8 ያስቀምጥ። የመጀመሪያው ፋይል ግን አይሰረዝ፤ ነገ የተሻለ መለወጫ ሊመጣ ይችላልና።

ለወጣት ባለሙያዎቻችን

የመጨረሻው ቃሌ ለወጣቶቹ ነው። የምንኖርበት ሰፈር ለዚህ ሥራ የታደለ ነው። የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች መሰብሰቢያ የነበረው አይሃብ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው እዚሁ ንጎንግ መንገድ ላይ፣ ቢሾፕ ማጉዋ ሕንፃ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007ቱ የኬንያ ምርጫ በኋላ የተነሣውን ሁከት በካርታ ለመመዝገብ የተፈጠረው ኡሻሂዲም ከዚያው ሕንፃ ሠርቷል። በዚህ ሰፈር ከሚሠሩ ወጣቶች ጎን የኢትዮጵያውያን ልጆችም ሶፍትዌር ይጽፋሉ።

እናንተ ልጆቻችን ስም የሚመዘግብ ሥርዓት ስትሠሩ በእንግሊዝኛ ስም ብቻ አትሞክሩት። «ኃይለ ሚካኤል» ብላችሁ አስገቡ፤ አስቀምጡት፤ መልሳችሁ አውጡት፤ ያው ሆኖ መመለሱን እዩ። የኪኩዩውንም ስም ከነጭረቱ ሞክሩት። ማይኤስኪውኤል የተባለውን የመረጃ ቋት የምትጠቀሙ ከሆነ «ዩቲኤፍ8» የሚለው የቆየ ምርጫ ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም፤ ለዋናው ግዕዝ ይበቃል፣ በ2021 የተጨመሩት የጉራጌ ፊደላት ግን አራት ባይት ስለሆኑ ይወድቃሉ። «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የሚለውን ምረጡ። አንዲት መስመር ናት፤ የአንድ ሕዝብ ስም በትክክል መጻፍ አለመጻፉ በእሷ ይወሰናል።

ፊደላችን በብራና ላይ ሲኖር የሚጠብቀው ጸሐፊ ነበረው፤ በማተሚያ ቤት ሳለ ለቃሚና አራሚ ነበረው። ዛሬ ጸሐፊውም፣ ለቃሚውም፣ አራሚውም ቁልፉን የሚጫነው እያንዳንዳችን ነን። የሚጠየቀው ትንሽ ነው፦ የማይነበብ ፋይልን ሳይቸኩሉ መመርመር፣ ቅጂ መያዝ፣ ከማስቀመጥ በፊት የኢንኮዲንጉን ሣጥን ማየት፣ በዩቲኤፍ-8 ማስቀመጥ። በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ካለው የቆየ የአማርኛ ፋይል አንዱን ከፍታችሁ ከአምስቱ ምልክቶች የትኛው እንደሆነ ለዩ። ያልቻላችሁትን ለሚችል አሳዩ፤ የቻላችሁ ለጎረቤት አስተምሩ። የጻፉት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ብንጠይቃቸው ብዙው ጽሑፍ ይድናል።